ሽቦ፣ መስታወት ወይስ ክፍት ሜዳ? በእንስሳት ማቆያ ወፎችንና አራዊትን ለማንሳት የቱ ሌንስ ያዋጣል?

ካሜራ ይዘው ወደ እንስሳት ማቆያ ለመሄድ ያሰቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ዙም ያስፈልገኛል?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ልታነሱት በፈለጋችሁት እንስሳና በእናንተ መካከል ምን አለ?» እላቸዋለሁ። ሽቦ ነው? መስታወት ነው? ቦይ ነው? ወይስ ምንም የለም፣ ወፉ ከራሳችሁ በላይ ቅርንጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው? ምርጫውን የሚወስነው ይሄ ነው። ለሽቦ የሚሆነው ለመስታወት ላይሆን ይችላል። ለመስታወት የሚሆነው ደግሞ ከቦይ ማዶ ለተኛ አንበሳ አይደርስም።

ስለዚህ ከዕቃው ሳይሆን ከፊታችሁ ካለው ነገር እንጀምር። ሌንሶቹንና ካሜራዎቹን በየቦታቸው አነጻጽራለሁ።

ሽቦ

ወፎችን በብዛት የምታገኟቸው ከሽቦ ጀርባ ነው። ብዙ ሰው ሽቦውን ሲያይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ዝሆኑ ይሄዳል። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሽቦን ከፎቶ ላይ ማጥፋት ይቻላል። ያውም በኮምፒውተር ሳይሆን እዚያው እንደቆማችሁ።

ሦስት ነገር መሟላት አለበት። ሌንሱ ሽቦውን ሊነካ እስኪደርስ ይጠጋ። እንስሳው ከሽቦው ይራቅ። የሌንሱ የብርሃን በር (አፐርቸር) ሰፊ ይሁን። ሁለቱ በእግርና በትዕግሥት ይገኛሉ። ሦስተኛው ግን ከገዛችሁት ሌንስ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የብርሃን በሩን ስፋት ለማወቅ የሌንሱን ሚሊ ሜትር (ሲጨምር ሩቁን ያቀርባል) ለአፐርቸሩ ቁጥር ማካፈል ነው፤ «ኤፍ» ተብሎ የሚጻፈው ይህ ቁጥር ሲያንስ በሩ ይሰፋል። 70-200 ሌንስ (ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ዙም) በ200 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 2.8 ሲከፈት 71 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 100-400 ሌንስ በ400 እና በኤፍ 5.6 ሲሆንስ? እሱም ያው 71 ነው። 70-300 በ300 እና በኤፍ 5.6 ወደ 54 ይወርዳል። ከካሜራው ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጠው 18-55 ግን በ55 እና በኤፍ 5.6 ከ10 ሚሊ ሜትር አያልፍም።

አሁን 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሽቦ በሌንሱ ፊት መሃል ለመሃል አለፈ እንበል። በሩ 71 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሽቦው የሚከልለው ከብርሃኑ ከ100 እጅ 4 ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው ብርሃን በግራ በቀኙ ያልፋል፤ ሽቦው ብዥ ብሎ ይጠፋል። በሩ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ያው ሽቦ ሩቡን ይወስደዋል። ፎቶው ላይ ደማቅ ግራጫ መስመር ሆኖ ቁጭ ይላል። ሌንሱ ውድ ቢሆንም አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ካጠበባችሁት 200 ሚሊ ሜትሩ በሩ 25 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ሽቦውም ተመልሶ ይመጣል። ሽቦ ፊት ስትቆሙ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱት።

እንግዲህ 70-200 ኤፍ 2.8 እና 100-400 ለሽቦ እኩል ናቸው ማለት ነው? በስሌቱ አዎ። በተግባር ግን አብዛኛው የወፍ ቤት ከሽቦው ፊት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ መከላከያ ብረት አለው። ያን ብረት ተሻግሮ ማንሳት አይፈቀድም፤ መፈቀድም የለበትም። ሽቦውን መጠጋት ካልተቻለ የሚረዳው የሌንሱ ርዝመት ነው። ስለዚህ ለእኔ እዚህ ቦታ ላይ 100-400 ይበልጣል። 70-200ው የሚበልጠው ሰማዩ ሲጨልም ወይም ወፉ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ነው፤ ኤፍ 2.8 ከኤፍ 5.6 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል።

ስልክ የያዛችሁ ሰዎች ደግሞ ሌላ መንገድ አላችሁ። የስልክ ሌንስ የብርሃን በር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሽቦን ማደብዘዝ አይችልም። ግን ትንሽ ስለሆነ ራሱ በሽቦው ቀዳዳ ልክ ይገባል። ሌንሱን ቀዳዳው መሃል አስተካክላችሁ ብትይዙት ሽቦው ጭራሽ ፎቶው ውስጥ የለም። በሩ ሰፊ የሆነ ካሜራ የያዘ ሰው ግማሽ ሰዓት የሚታገለውን ስልክ በአንድ ሰከንድ ይገላገለዋል። ብቻ ስልኩን አሳልፋችሁ ወደ ውስጥ አታስገቡት። ጦጣና በቀቀን ባሉበት ቦታ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት፤ ሁለቱም ፈጣን ናቸው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ጉጉት ከሽቦው አራት ሜትር ገባ ብሎ ግንድ ላይ ተቀምጧል። ሌንሱ ሽቦው ጋ ተጠግቷል፣ አፐርቸሩ ተከፍቷል፣ ሽቦው ጠፍቷል። ፎቶው ግን ደብዛዛ ነው፤ የጉጉቱ ደረት ላይ ነጭ ጉም የተጋረደ ይመስላል። ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም። ፀሐይ ሌንሱ ፊት ያለውን ሽቦ እየመታችው ነው። ሽቦው ቅርጹ ቢጠፋም ብርሃኑ አልጠፋም። ኮፍያችሁን አውልቃችሁ ያቺን ትንሽ ቦታ ብቻ ጥላ አልብሷት። ወዲያው ላባው ላይ ያለው ቡናማና ነጭ ዝንጉርጉር ይለያል፣ ዓይኑ ይጠቁራል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ሽቦ ከሚያብረቀርቅ ሽቦ ሁልጊዜ የሚቀለው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የወፍ ቤት በሁለት በኩል የሚታይ ከሆነ ሽቦው በጥላ ያለበትን በኩል ምረጡ።

ፎከሱ ሽቦው ላይ እየሄደ ካስቸገራችሁ ሌንሱ ጎን ላይ ያለውን የፎከስ ርቀት መገደቢያ ማብሪያ ፈልጉ። «ከ3 ሜትር በላይ» በሚለው ላይ ስታደርጉት ካሜራው ሽቦውን መፈለግ ይተዋል። ማብሪያው ከሌለው አንድ ነጥብ ብቻ መርጣችሁ በቀዳዳው በኩል ፎከስ አድርጉ፤ ካልሆነም በእጅ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የኋላውን ሽቦ ነው። ወፉ ከኋላ ሽቦ ጋር ተጣብቆ ከተቀመጠ የትኛውም ሌንስ አያድነውም፤ ከላባው እኩል ጥርት ብሎ ይወጣል። ወደ መሃል እስኪመጣ ጠብቁ፤ ወይም ከጀርባው ቅጠል የሚሆንበትን ማዕዘን ፈልጉ።

መስታወት

እዚህ የምታነጻጽሩት ሌንስን ብቻ አይደለም። ነጸብራቅን የሚከላከሉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ፖላራይዘር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ነጸብራቅ ቀናሽ ማጣሪያ)፣ የጎማ ሁድ (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠም ከለላ) እና ጥቁር ጨርቅ።

ሰዎች መጀመሪያ የሚገዙት ፖላራይዘር ነው። እኔ አልመክረውም። ፖላራይዘር የመስታወትን ነጸብራቅ በደንብ የሚቀንሰው መስታወቱን በሰያፍ ስታዩት ነው፤ ፊት ለፊት ከቆማችሁ የሚሠራው ሥራ የለም። በሰያፍ ስታነሱ ደግሞ የማቆያዎቹ መስታወት ወፍራም ስለሆነ ምስሉን ያዛባዋል። በዚያ ላይ ከብርሃኑ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይበላል፤ ቤቱ መጀመሪያውኑ ጨለማ ነው።

የሚያዋጣው የጎማ ሁድ ነው። ተጣጣፊ ስለሆነ መስታወቱ ላይ ለጥፋችሁት ሌንሱን ትንሽ ማዘንበል ትችላላችሁ። ሌንሱ መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ ጭረቱም፣ የልጆች የእጅ አሻራም፣ ከኋላችሁ ያለው መስኮትም ከፎቶው ይወጣሉ። ጥቁር ጨርቅ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ብቻ አንድ እጅ ይይዛል። ስልክም መስታወት ላይ ሲለጠፍ በጣም ጥሩ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ አትምጡ፤ መስታወቱ ውስጥ የምታዩት ራሳችሁን ይሆናል።

ሌንሱን በተመለከተ፣ ለእባብ ቤትና ሌሊት ለሚንቀሳቀሱ እንስሳት ቤት ረጅም ዙም ትርፉ ድካም ነው። እንስሳው አንድ ሜትር ላይ ነው፤ የጎደለው ብርሃን ነው። 50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከረጅሙ ዙም ያነሰ ዋጋ አለው፤ ቀላልም ነው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቤት ስትገቡ ሌንሱ በጤዛ ይሸፈናል። ቦርሳውን ሳትከፍቱ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ዕቃው ከክፍሉ ሙቀት ጋር ሲስተካከል አውጡት። ፎቶው ላይ አግድም የጠቆረ መስመር ከታየ መብራቱ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር የመዝጊያውን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100፣ 60 ኸርዝ በሆነበት 1/60 ወይም 1/120 ሰከንድ ስታደርጉት ይጠፋል።

ፍላሽ ግን በፍጹም። መስታወቱ ላይ ነጥሮ ፎቶውን ያበላሻል፤ ጨለማ ለለመደ እንስሳ ደግሞ ሥቃይ ነው። ብዙ ማቆያዎችም ይከለክሉታል። መስታወቱን ማንኳኳትም እንደዚሁ ነው። ለአንድ ፎቶ ብሎ የተኛን እንስሳ መቀስቀስ ልክ አይደለም።

ከቦይ ማዶ

እንስሳትን ያለ ፍርግርግ፣ በጥልቅ ቦይ ብቻ ለይቶ ማሳየትን በሰፊው ያስተዋወቀው ጀርመናዊው የእንስሳት ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሃምቡርግ አጠገብ የከፈተው ማቆያ በዚህ መንገድ የተሠራ ነበር። ፎቶ አንሺ ዛሬም ሊያመሰግነው ይገባል፤ ከእናንተና ከአንበሳው መካከል አየር ብቻ ነው ያለው። በምትኩ ርቀቱ ይጨምራል። ዙም የሚቆጠረው እዚህ ነው።

ስንት ይበቃል? ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ትልቅ የሆነ) ላይ 10 ሜትር ርቀት ላይ ላለ እንስሳ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ በወርዱ 1.8 ሜትር ያሳያል፤ አንበሳው ከነአካሉ ማለት ነው። 400 ሚሊ ሜትር 90 ሴንቲ ሜትር ያሳያል፤ ፊቱና ጎፈሩ። 600 ሚሊ ሜትር 60 ሴንቲ ሜትር፤ ፊቱ ብቻ። ካሜራችሁ ከሙሉ ፍሬም ያነሰ፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባል ሴንሰር ያለው ከሆነ ደግሞ ሌንሱን በ1.5 ወይም በ1.6 አባዙት። 70-300ው በዚያ ካሜራ ላይ እስከ 450 እንደሚደርስ ሌንስ ያሳያል። ከዚያም ያነሰው ማይክሮ ፎር ሰርድስ ከሆነ በ2 ነው።

ስለዚህ 150-600 ያስፈልጋል ወይ ለሚለው የእኔ መልስ ለማቆያ ብቻ ከሆነ አያስፈልግም ነው። ሲግማና ታምሮን የሚሠሯቸው 150-600 ሌንሶች ግሩም ናቸው፤ ለዱር ወፍ ከሆነ ዓይኔን አላሽም። ግን ቀለል ያሉት እንኳ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ ቀኑን ሙሉ ስትዞሩ አንገትና ትከሻ ይመሰክራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እስከ 600 ሲዘረጉ ከ2 ሜትር ለቀረበ ነገር ፎከስ አያደርጉም። የካነን 100-400 ሁለተኛው ሞዴል እስከ 98 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይቀርባል። በማቆያ ውስጥ ደግሞ ቅርብ ወፍ ከሩቅ ወፍ ይበዛል። በሞቃት ቀን ከሜዳው የሚነሳው ትኩስ አየር ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ያን ጊዜ ረጅም ሌንስ ማለት ርግብግብታውን ማጉላት ነው።

ለከባድ ሌንስ መደገፊያ ከፈለጋችሁ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር መቆሚያ) ያዙ። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግሩ) በሕዝብ መሃል የሰው እግር ያደናቅፋል፤ እናንተንም ከቦታ ቦታ እንዳትንቀሳቀሱ ያስራል።

ሌንስ መቀያየር የማይፈልግ ሰውስ? ሌንሳቸው የማይነቀል ባለ ረጅም ዙም ካሜራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኒኮን ኩልፒክስ ፒ1000 ከ24 እስከ 3000 ሚሊ ሜትር እንደሚያሳይ ሌንስ ይዘረጋል። የሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 ደግሞ ከ24 እስከ 600። ቁጥሩ ብቻ ቢታይ ኒኮኑ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን የሶኒው ሴንሰር በስፋት ከኒኮኑ አራት እጥፍ ይበልጣል፤ በረጅሙ ጫፍም ኤፍ 4 ነው፤ ኒኮኑ ኤፍ 8 ነው። ለማቆያ ያለ ጥርጥር ሶኒውን እመርጣለሁ። 3000 ሚሊ ሜትር 10 ሜትር ላይ ላለ ወፍ ምን ያደርጋል?

ወፎቹ መሃል ስትገቡ

እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። በትልቅ መረብ ተሸፍኖ ሰው ውስጡ የሚገባበት የወፍ ቤት። ሽቦ የለም፣ መስታወት የለም። ወፎቹ ሰው ስለለመዱ አንድ ሜትር ድረስ ይመጣሉ። አንድ ሌንስ ብቻ ይዛችሁ ግቡ ብትሉኝ 70-300 እላለሁ፤ ቀላል ነው፣ ቅርቡንም ሩቁንም ይይዛል። በቅርብ ፎከስ የሚያደርግ 100-400 ካላችሁ እሱ ከሁሉም ይሻላል። 15 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ወፍ 4 ሜትር ላይ ስትቀመጥ 400 ሚሊ ሜትሩ የሚያሳየው 36 ሴንቲ ሜትር ነው። ወፏ ትልቅ ሆና ትወጣለች፣ ዙሪያዋም ትንሽ ቅጠል ይቀርላታል።

እዚህ ቦታ መሮጥ አያስፈልግም። የምግብ ሳህኑ ያለበትን ፈልጉ፤ ከሳህኑ በላይ ወፎች መጀመሪያ የሚያርፉበት ቅርንጫፍ አለ። ካሜራችሁን ሳህኑ ላይ ሳይሆን ቅርንጫፉ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ። ወፍ ሊነሳ ሲል ብዙ ጊዜ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ እግሩን ይሰበስባል፣ ኩስ ይጥላል። ይሄን ስታዩ ጣታችሁ ዝግጁ ይሁን። ለቆመ ወፍ 1/250 ወይም 1/500 ሰከንድ ይበቃል፤ ለሚበር 1/2000 አካባቢ ያስፈልጋል፤ አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) ወደ 3200 ቢወጣ አትፍሩ። ትንሽ ፍርፍር (ነጠብጣብ) ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ ከንጹህ ብዥታ ይሻላል፤ ፍርፍሩን የሚያጠፉ ሶፍትዌሮች አሁን በደንብ ይሠራሉ።

ሌላው ነገር ዓይናቸው ነው። ወፎች ከላይና ከታች ካለው ቆብ ሌላ ከጎን ተስቦ ዓይንን የሚሸፍን ሦስተኛ ስስ ሽፋን አላቸው። በጣም ፈጣን ስለሆነ ቆማችሁ ስታዩ አታስተውሉትም። ፎቶው ላይ ግን ዓይኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ለዚህ ነው አንድ ብቻ ሳይሆን አራት አምስት ፎቶ በተከታታይ ማንሳት የሚያስፈልገው። ዓይኑ ጥርት ካላለ ላባው ምንም ያህል ቢያምር ፎቶው አይሆንም።

ነጭና ጥቁር ወፎች የካሜራውን ልኬት ያሳስቱታል። ነጭ ፔሊካን ፍሬሙን ከሞላው ካሜራው ያጨልመዋል፤ የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ (ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን) ወደ ፕላስ ጨምሩ። ያው ፔሊካን ትንሽ ሆኖ ጥቁር ውሃ ላይ ከሆነ ግን ላባው ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቃጠላል፤ ወደ ማይነስ ቀንሱ። የፍላሚንጎ ሮዝ ቀለም ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ይደበዝዛል። ደመና ባለበት ቀን አንሱት፤ ምንቃሩን ገልብጦ ውሃውን ሲያጣራ የአንገቱ ቅርጽ ለብቻው ፎቶ ነው።

ካሜራው ራሱስ?

በአጭሩ ልመልሰው። አዳዲሶቹ ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች የእንስሳና የወፍ ዓይን ራሳቸው ፈልገው ፎከስ ያደርጋሉ። ለሚበር ወፍ ትልቅ ነገር ነው። ማቆያ ውስጥ ግን አብዛኛው እንስሳ ቀርፋፋና ቅርብ ነው፤ ሽቦ ካለ ደግሞ የዓይን ፍለጋው አንዳንዴ ይደናገራል። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ያገለገለ አሮጌ ካሜራና ጥሩ ሌንስ ግዙ። አዲስ ካሜራ ከ18-55 ጋር ይዞ ሽቦ ፊት መቆም ገንዘብን ሜዳ ላይ መጣል ነው።

ጠዋት ወይስ የምግብ ሰዓት?

በሩ እንደተከፈተ ግቡ። ሰው የለም፣ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ እንስሳቱም ገና ይንቀሳቀሳሉ። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ሊያርፍ ይችላል፤ እኩለ ቀን ላይ ሄዳችሁ የምታገኙት ሆዱን ነው። የምግብ ሰዓት እንቅስቃሴ አለው፤ ግን ሰው ይጋፋል፣ እንስሳውም ፊቱን ወደ ጠባቂው ያዞራል። ለፔንግዊንና ለፔሊካን የምግብ ሰዓቱን እመርጣለሁ፤ ለሌሎቹ ጠዋቱን። ሁሉን በአንድ ቀን ለማዳረስ አትሞክሩ። ሁለት ሦስት ቦታ መርጣችሁ እዚያው ብትቆዩ ይሻላል። ፒኮክ ካማራችሁ ደግሞ ወቅቱን አጣሩ፤ የወንዱ ረጃጅም ላባዎች ከመራቢያ ወቅት በኋላ ይረግፋሉ።

የማቆያ ፎቶ ከዱር ፎቶ ጋር ሲነጻጸር

«ታጥሮ የተቀመጠ እንስሳ ማንሳት ምን ዋጋ አለው?» የሚሉ አሉ። ኳጋ የሚባል የሜዳ አህያ ዓይነት ነበር፤ ግማሽ አካሉ ብቻ ዥንጉርጉር የሆነ። የመጨረሻዋ ኳጋ እ.ኤ.አ. በ1883 አምስተርዳም ውስጥ ሞተች። በሕይወት እያለች ፎቶ የተነሳች ኳጋ አንዲት ብቻ ናት፤ ለንደን የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የነበረች። ዛሬ ሕያው ኳጋ ምን ይመስል እንደነበር በፎቶ የምናየው በአጥር ውስጥ በተነሱት በእነዚያ ጥቂት ፎቶዎች ነው።

ዱር ውስጥ የተነሳ ፎቶ ግን ሌላ ልፋት አለው፤ ሁለቱን ማምታታት ተገቢ አይደለም። ፎቶውን ለሰው ስታሳዩ የት እንደተነሳ ጻፉበት። ለውድድር የምትልኩት ከሆነ ደንቡን አስቀድማችሁ አንብቡ። ብዙ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድሮች በማቆያ የተነሳን ፎቶ ወይ ጭራሽ አይቀበሉም፣ ወይ በግልጽ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ።